ናቾስ ላይ ሃልት ይሠራል፣ አዲስ የጨመርኩት ሲስተም ኮል ግን አይቆምም

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ናቾስ 3.4 (የማስተማሪያ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ላይ ሁለት ቁጥር የሚደምር ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ አገልግሎት የሚጠይቅበት ጥሪ) ጨመርኩ። ከሃልት (ማሽኑን የሚያጠፋው፣ 0) እስከ ይልድ (10) ያሉት ቁጥሮች ስለተያዙ 11 ሰጠሁት። ስታርት.ኤስ (ከዩዘር ፕሮግራሙ ጋር የሚያያዘው የአሴምብሊ ፋይል) ውስጥ የሃልትን ክፍል ገልብጬ ስሙንና ቁጥሩን ቀየርኩ። ከርነሉ ድምሩን እንዲያትም አድርጌያለሁ። 2 እና 3 ስሰጠው ግን ስክሪኑን በ5 ይሞላዋል፤ ኮንትሮል ሲ ካልተጫንኩ አይቆምም። ስህተቱ አሴምብሊው ላይ ነው ከርነሉ ላይ?

መልስ 1፦
አሴምብሊህ ደህና ነው። የሲስተም ኮሉ ቁጥር በ$2 (ሬጅስተር 2)፣ የምትደምራቸው በ$4 እና በ$5 ከርነል ደርሰዋል፤ ባይደርሱ 5 አታይም ነበር። የቀረህ ፒሲን (የሚፈጸመውን ትእዛዝ አድራሻ የያዘውን ሬጅስተር) ማራመድ ነው። የናቾስ ሚፕስ ኢሙሌተር (የሚፕስ ፕሮሰሰርን የሚያስመስለው ክፍል) የሲስኮል ትእዛዝ ሲያገኝ ኤክሰፕሽን (ከርነሉን የሚጠራ ምልክት) አንስቶ ይመለሳል እንጂ ፒሲን አይነካም። ስለዚህ ያንኑ ትእዛዝ ደጋግሞ ይፈጽማል። ሃልት ላይ ይህ ያልታየህ ማሽኑ እዚያው ስለሚጠፋ ነው።

ውጤቱን ሬጅስተር 2 ላይ ጻፍ፤ ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል፦ የሬጅስተር 34ን (ፒሲ) ዋጋ ወደ 36 (ፕሪቭ ፒሲ)፣ የ35ን (ኔክስት ፒሲ) ወደ 34፣ በመጨረሻ 35 ላይ 4 ደምር። ቅደም ተከተሉን አታዛባ፤ 34ን አስቀድመህ ከቀየርክ የድሮው ፒሲ ጠፋ ማለት ነው። «ፒሲ ላይ 4 ብደምር አይበቃም?» እንዳትል፤ ሚፕስ ከዝላይ በኋላ ያለችውን አንዲት ትእዛዝ ሳይዘል ስለሚፈጽም ናቾስ ቀጣዩን አድራሻ ለብቻው በ35 ይይዛል። 35ን ካልነካኸው ተከታዩ ትእዛዝ ሁለቴ ይፈጸማል፤ ያን ዓይነት ስህተት ደግሞ ለማግኘት ከሉፑ ይብሳል።

ጠያቂው፦
ተባረክ፣ አሁን 5 አንዴ ብቻ ወጣ። ግን ወዲያው «ያልተጠበቀ ኤክሰፕሽን 1 1» የሚል መልእክት አውጥቶ ወደቀ።

መልስ 2፦
ሁለቱን ቁጥሮች አንብባቸው። የመጀመሪያው የኤክሰፕሽኑ ዓይነት ነው፦ 1 ሲስተም ኮል፣ 2 ፔጅ ፎልት፣ 7 የማይታወቅ ትእዛዝ። ሁለተኛው ሬጅስተር 2 ውስጥ ያለው ነው፤ 1 ደግሞ ኤግዚት (ፕሮግራሙን የሚያስወጣው ሲስተም ኮል) ነው። አንተ ባትጠራውም ስታርት.ኤስ ይጠራዋል፦ መጀመሪያ ሜይንን (የፕሮግራምህን ዋና ፈንክሽን) ይጠራል፣ ሜይን ሲመለስ $4 ላይ 0 አድርጎ ኤግዚትን ይጠራል። ከርነሉ እንደመጣ የሚያውቀው ሃልትን ብቻ ስለሆነ ኤግዚትን አንተ ትጽፈዋለህ፦ የመውጫ ኮዱን ከሬጅስተር 4 ውሰድ፣ የአድራሻ ቦታውን ልቀቅ፣ ከዚያ የአሁኑን ትሬድ (ፕሮግራሙን የሚያስኬደውን) ፊኒሽ በለው። እዚህ ፒሲ ማራመድ አያስፈልግም፤ የሚመለስበት የለም።

«1 11» ቢልህ ግን ከርነሉ አዲሱን ቁጥር አላወቀም ማለት ነው። ሲስኮል.ኤችን (ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ፋይል) ከርነሉም ስታርት.ኤስም ስለሚጠቀሙበት፣ ቁጥር በቀየርክ ቁጥር ዩዘርፕሮግ እና ቴስት ፎልደሮች ውስጥ ሁለቱም ጋ ሜክ አድርግ (እንደገና ገንባ)።

መልስ 3፦
ሜክፋይሉን (የግንባታ መመሪያውን) ስትነካ ደግሞ ስታርት.ኦ (ከስታርት.ኤስ የሚወጣው ፋይል) ሊንክ ሲደረግ (ፋይሎቹ ሲጣመሩ) የግድ ቀዳሚ ይሁን። ናቾስ ፕሮግራሙን የሚጀምረው ከአድራሻ 0 ነው፤ እዚያ የተቀመጠው የትኛውም ፈንክሽን ይነሳል። ሜይን ራሱ 0 ላይ ከዋለ፣ ሲጀመር $31 (የመመለሻ አድራሻ የሚይዘው ሬጅስተር) 0 ስለሆነ ሲጨርስ ወደ 0 ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። ከላይ ያየኸውን ሉፕ ይመስላል፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ለመለየት በ-ኤስ አማራጭ አስነሳውና ትእዛዝ በትእዛዝ ተከተለው፤ ፒሲ አንድ አድራሻ ላይ ከቆመ ያላራመድከው ነው፣ ወደ 0 ከተመለሰ ሊንኩ ነው።

ጠያቂው፦
ኤግዚትን ጻፍኩት፣ አሁን ሰላም ነው። ቀጥሎ ጽሑፍ የሚያትም ልሠራ ነው።

መልስ 1፦
እንግዲያው $4 ላይ የሚመጣው አድራሻ የዩዘሩ ነው፤ ከርነል ውስጥ እንደ ተራ ፖይንተር ብትከፍተው ናቾስ ራሱ ይወድቃል። በሪድሜም (የዩዘሩን ሚሞሪ በሚያነብ የናቾስ ፈንክሽን) አንድ አንድ ባይት እያነበብክ ወደ ከርነል ባፈር ቅዳ፣ 0 ስታገኝ ቁም፣ የባፈሩን ልክ እንዳታልፍም ቁጥር ያዝ። ሪድሜም ሐሰት ከመለሰ ያ ባይት አልተነበበምና ዋጋውን አትጠቀምበት።