«ተነጠቅን» ያለው ማን ነው? ማንስ ነጠቀን?

ዘቀሃ፦ ትናንት ሰንበቴ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ተነሥተው «ኦርቶዶክሱ በ1976 ቆጠራ 54 ከመቶ ነበር፤ በ1987 50.6፣ በ1999 43.5 ሆነ። ተነጠቅን፤ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ትጠጣላችሁ» አሉ። ጠላው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ለጥምቀት ጥምቀተ ባሕሩን ሞልቶ የሚያየው የጎንደር ሰው ይህ አይታየውም። እውነታቸውን ነው፣ ተነጥቀናል!

የማራኪዋ፦ ማን ነጠቀህ ወንድሜ? በ1987 ኦርቶዶክሱ 27 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1999 ከ32 ሚሊዮን በለጠ። የወረደው ድርሻው ነው። የተነጠቀ ሰው ያለው ይጎድልበታል እንጂ ይጨምርለታል?

ዘቀሃ፦ የአገሩ ሕዝብ ከ53 ወደ 73 ሚሊዮን ሲደርስ እኛ 5 ሚሊዮን ጨመርን። ጴንጤው ከ10 ከመቶ ወደ 18 ተኩል ወጣ። ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?

መምህር ዘአዘዞ፦ በግንቦት 1999 ቆጣሪ ነበርሁ። አንድ ቤት አባወራው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለዘጠኝ ሰው በአንድ ትንፋሽ መለሱልኝ፦ «ኦርቶዶክስ፣ ሁሉም ኦርቶዶክስ።» ቡና የምትወቅጥ ልጃቸው ዘነዘናውን አንሥታ እንደያዘች ቀረች። አየችኝ፣ አየኋት፤ ምንም አላለች። እንደተነገረኝ ጻፍሁ። ስለዚህ ቁጥሩን ስትጠቅሱ እሷን አስቡ። ደግሞ ወሊድ አለ፤ በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት እናት በአማራ ክልል በአማካይ 3.7፣ በኦሮሚያ 5.4፣ በሶማሌ 7.2 ልጅ ነበር የምትወልደው። አንድ ሰው እንኳ ሃይማኖቱን ሳይቀይር ድርሻ ይወርዳል።

የቆሎ ተማሪ የነበረው፦ መምህር፣ ወሊድ ደቡብን አያስረዳም። በ1999 በደቡብ ክልል ፕሮቴስታንቱ 55.5፣ ኦርቶዶክሱ 19.9 ነው። ከባህላዊ እምነትም ብዙ ሰው ሄዷል፤ በአገር ደረጃ ከ4.6 ወደ 2.6 ነው የወረደው። እነሱ በሕዝቡ ቋንቋ ሰበኩ፣ መዝሙሩንም በቋንቋው ዘመሩ። እኛ በገጠሩ የሕዝቡን ቋንቋ የሚሰማ ካህን ብዙ አልነበረንም። እኔ ራሴ ዳዊት ደግሜ ያደግሁ ነኝና በቁጭት ነው የምናገረው፦ አልተነጠቅንም፣ አልሄድንላቸውም።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦ እስቲ እኔም ልናገር። በአማራ ክልል እኛ ሙስሊሞች በ1987 18.1 ከመቶ ነበርን፣ በ1999 17.2። አዲስ ዓለም ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ተነጠቅን» ሲል አልሰማሁም። ለምን የእናንተ ሲወርድ ዘረፋ ይሆናል?

ዘቀሃ፦ ስለ እስላሙ ማን አነሣ?

የአዲስ ዓለም ልጅ፦ «ሙስሊም» በል።

ዘቀሃ፦ አያቴ «እስላሙ ጎረቤቴ» እያለች ነው ስልሳ ዓመት ቡና የጠጣችው። ክፋት የለውም።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦ የአያትህን አከብራለሁ። አንተ ግን ነግሬሃለሁ፣ አሁን ታውቃለህ።

ጸጋው ይበቃኛል፦ እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ እናንተ ጴንጤ የምትሉኝ። በ19 ዓመቴ በገዛ እግሬ ነው የሄድሁት። እናቴ ለዓመት በዓል ሳህኔን ለብቻ ታወጣለች፣ ግን ሳትጠራኝ ውላ አታውቅም። በአባቴ ለቅሶ ላይ አንድ ጎረቤት ወደ እኔ እያመለከተ «ይኼ ነው የተነጠቀው» አለ። አባቴን ለመቅበር መጥቼ! የሚነጠቅ ዕቃ ነው። እኔ ሰው ነኝ።

ዘቀሃ፦ ስለ አባትህ አዝናለሁ፣ ነፍስ ይማር። ቃሉን ግን አልተውም። ሱስንዮስ በ1614 ካቶሊክ ሆነ፤ ስንት ደም ፈሰሰ? በ1624 ሃይማኖት ተመለሰ፣ ልጁ ፋሲል ነገሠ፣ ከተማችንን ቆረቆረ። ጎንደር በዚያ ደም ላይ የቆመች ናት። እዚህ ሃይማኖት መቀየር የግል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

የማራኪዋ፦ ያንኑ ታሪክ እየው እንጂ! ንጉሥ ከነሠራዊቱ በዐዋጅ ሊያስቀይር ሞክሮ አልሆነለትም። ይኼ ልጅ ማን ዐወጀበት? ራሱ ወስኖ የሄደን ሰው ከሱስንዮስ ሰይፍ ጋር አታወዳድር።

ከወለቃ፦ ቅጹ ላይ ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ፣ እስልምና፣ ባህላዊ፣ ከዚያ «ሌላ» ይላል። እኛ ቤተ እስራኤሎች «ሌላ» ነን። አያቴ ተጠምቀው ነበር፣ አባቴ ወደ ኦሪቱ ተመለሰ፣ እህቴ እስራኤል ገባች፣ እኔ እዚሁ ስጠብቅ አለሁ። በእኛ ቤት ነጣቂው የቱ ነው? ዘቀሃ፣ ከልቤ ነው የምጠይቅህ።

መምህር ዘአዘዞ፦ ከ1999 ወዲህ ቆጠራ የለም፤ በ2011 ሊደረግ ሲል ተራዘመ። ያኔ የጻፍሁላቸው ሕፃናት ዛሬ ወላጆች ሆነዋል። የምንጣላበት ቁጥር ያረጀ ነው።

ዘቀሃ፦ ይቆጠርና ይታያል። ድርሻችን ከ43.5 ወርዶ ከተገኘ አሁንም «ተነጠቅን» እላለሁ።

ጸጋው ይበቃኛል፦ እኔም እዚሁ እመልስልሃለሁ።

ዘቀሃ፦ መምህር፣ ያቺ ቡና ስትወቅጥ የነበረችው ልጅ ግን የማን ቤት ናት?

መምህር ዘአዘዞ፦ አልናገርም።