ኢንተርኮም ከመምረጣችሁ በፊት ጓደኛችሁ የያዘውን ጠይቁ

ስለ ሄልሜት ኢንተርኮም፣ ማለትም ሞተረኞች እየነዱ እንዲያወሩ ሄልሜት ላይ ስለሚገጠመው መሣሪያ፣ ጥቆማ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «የቱ ይሻላል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አብሯችሁ የሚነዳው ሰው ምን ይዟል? ኢንተርኮም ለብቻ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። የቱንም ያህል ጥሩ መሣሪያ ብትገዙ፣ ከጓደኛችሁ መሣሪያ ጋር ካልተግባባ ሙዚቃ መስሚያ ሆኖ ይቀራል።

ሁልጊዜ አብራችሁ የምትነዱ ሁለት ሰዎች ከሆናችሁ ተመካክራችሁ አንድ ብራንድ ግዙ። ቢቻል አንድ ሞዴል ይሁን። አንዳችሁ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ሁለተኛው ሰው የእሱን ይከተል። «የኔ ይበልጣል» የሚል ክርክር እዚህ ጋ ጥቅም የለውም።

በዚህ ዕቃ ስማቸው የገነነው ካርዶና ሴና ናቸው። ሁለቱም የሚያኮራ ሥራ ይሠራሉ። ችግሩ «ሜሽ» የሚባለው ግንኙነታቸው እርስ በርስ አለመግባባቱ ነው። የካርዶ ሜሽ የሚያወራው ከካርዶ ጋር፣ የሴና ሜሽ የሚያወራው ከሴና ጋር ነው። ሁለቱን ማገናኘት የሚቻለው በብሉቱዝ ነው። ይሄኛው መንገድ ግን ጣጣ አለው። የሌላ ብራንድ መሣሪያን ብዙ ጊዜ እንደ ስልክ አስመስሎ ስለሚያገናኝ፣ ከራሳችሁ ስልክ ጋር ቦታ ይሻማል። ግንኙነቱ ሲቋረጥም በራሱ ላይመለስ ይችላል፤ ቆማችሁ ቁልፍ መነካካት ይመጣል። አንድ ቀን ለመገናኘት ከሆነ ይበቃል። በየሳምንቱ አብሮ ለሚነዳ ሰው ግን አልመክረውም።

ብሉቱዝ ይሻላል ወይስ ሜሽ? ልዩነታቸው ቀላል ነው። ብሉቱዝ ሰዎችን በሰንሰለት ነው የሚያያይዘው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደቆሙ ልጆች ማለት ነው። ከመሐል ያለው አንዱ ወደ ነዳጅ ማደያ ከገባ ከእሱ ወዲያ ያለው ሁሉ ይቆረጣል። በሜሽ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ የሌላውን ድምፅ ተቀብሎ ያስተላልፋል። አንዱ ቢወጣ ድምፁ ሌላ መንገድ ፈልጎ ይደርሳል። የወጣውም ሲመለስ ማንም ምንም ሳይነካ ወሬው መሐል ይገባል። ካርዶ ይህን እ.ኤ.አ. በ2015 ፓክቶክ በተባለው ሞዴል፣ ሴና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 30ኬ በተባለው ይዘው መጡ።

ይህን የሰማ ሁሉ ሜሽ ይግዛ ማለት ግን አይደለም። ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆናችሁ ሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ብቻ ነው ያለው። መሐል ላይ የሚወጣ ሰው የለም። ሜሽ የሚሰጣችሁ ትልቁ ጥቅም ግንኙነቱ በራሱ መመለሱ ነው፤ ይህን ደግሞ አንዳንድ አዳዲስ የብሉቱዝ ሞዴሎችም ያደርጉታል። ለምሳሌ የካርዶ ፍሪኮም 2ኤክስ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ ተራርቃችሁ ስትቀራረቡ ራሱ ይገናኛል። ለሁለት ሞተረኞች ዛሬ አንድ ነገር ጥቀስ ብባል የምጠቅሰው እሱን ነው። ጥንድ ሆኖ በአንድ ካርቶን የሚሸጥ አለ። ካርዶ «ዱኦ» ይለዋል፤ በሴና በኩል «ዱዋል» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ጥንዱን መግዛት ሁለት ለየብቻ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ከካርቶኑ የሚወጡት ሁለቱ መሣሪያዎችም አንድ ዓይነት መሆናቸው እርግጥ ነው።

ዛሬ ሁለት ነን፣ ነገ ግን ሦስት አራት እንሆናለን የምትሉ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ፍሪኮም 4ኤክስ እስከ 4 ሰው ያስተናግዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሜሽ ግዙ። ፓክቶክ ኤጅ እስከ 15 ሰው፣ የሴና 50ኤስ ደግሞ በዝግ ቡድን እስከ 24 ሰው ይይዛሉ። የሴናው ሌላም ነገር አለው። «ኦፕን ሜሽ» የሚባል ክፍት መስመር አለው፤ በአጠገባችሁ ያለ ሌላ የሴና ሜሽ ተጠቃሚ በዚያው ቻናል ላይ ከሆነ ያለ ማጣመር፣ ማለትም መሣሪያዎቹን አስቀድማችሁ ሳታገናኙ፣ ታወሩታላችሁ። መንገድ ላይ ከማያውቁት ሞተረኛ ጋር መቀላቀል ለሚወድ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ካርቶኑ ላይ ወደተጻፉት ቁጥሮች ልምጣ፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ የሰው ብዛት። በርካሾቹ መሣሪያዎች ላይ «ለ6 ሞተረኛ» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ ላይ ይህ ማለት መሣሪያው 6 ሰው ያስታውሳል ማለት ነው እንጂ 6 ሰው በአንድ ጊዜ ያወራል ማለት አይደለም። ኢጂያስ ቪ6 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 6 ሰው ታጣምሩበታላችሁ፣ በአንድ ጊዜ የሚያወሩት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ለሦስተኛው ለመናገር ከሁለተኛው ጋር ያለውን ማቋረጥ አለባችሁ። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ይህ አይጎዳችሁም። ሦስት ከሆናችሁ ግን የገዛችሁት ያሰባችሁትን አይደለም። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ሰው ያጣምራል?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ስንት ሰው አንድ ላይ ያወራል?» በሉት።

ቀጥሎ ርቀት። ከካርዶ ሞዴሎች ስፒሪት 400 ሜትር፣ ስፒሪት ኤችዲ 600፣ ፍሪኮም 2ኤክስ 800፣ ፍሪኮም 4ኤክስ 1.2 ኪሎ ሜትር፣ ፓክቶክ ኤጅ 1.6 ኪሎ ሜትር ይላሉ። እነዚህ ሁሉ በገላጣ ሜዳ፣ ሁለቱ ሰዎች እየተያዩ የሚለኩ ናቸው። መሣሪያዎቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ስለሆነ ኮረብታ፣ ሕንፃ፣ በመሐል የገባ ከባድ መኪና፣ የራሳችሁ ጭንቅላትና ትከሻ ሳይቀር ይከልሉታል። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የተጻፈውን ግማሽ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ግን ጥያቄው ያን ያህል ትራራቃላችሁ ወይ ነው። አብረው የሚነዱ ሁለት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በመስታወት ይተያያሉ። መተያየት ካቆሙ የፊተኛው ፍጥነት መቀነስ አለበት፤ ኢንተርኮም የዚያ ምትክ አይሆንም። ለርቀት ብላችሁ ብዙ ገንዘብ አትጨምሩ።

ከኋላ ለሚፈናጠጥ ሰው ከሆነ የምትፈልጉት፣ ርቀት የሚባለውን ነገር ጭራሽ እርሱት። በመሐላችሁ ያለው አንድ ክንድ ነው። ስፒሪት ኤችዲ ወይም የሴና 5ኤስ ከበቂ በላይ ናቸው። እንደ ኢጂያስና ፍሪድኮን ያሉ ዋጋቸው ቀለል ያሉ ብራንዶችን የምጠቁመውም ለዚህ ነው። የሚተርፋችሁን ገንዘብ የተሻለ ስፒከር ላይ አውሉት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የድምፁ ነገር ነው። መሣሪያው መጥፎ ነው ብለው ከሚያማርሩ ሰዎች ብዙዎቹ መሣሪያቸው ደህና ነው፤ የተበላሸው አገጣጠሙ ነው። ስፒከሩ ከጆሮ ቀዳዳ ትንሽ ሸሸት ካለ፣ ቆማችሁ የሰማችሁት ድምፅ ፍጥነት ስትጨምሩ ነፋሱ ውስጥ ይጠፋል። አብዛኛው ሰው ስፒከሩን ወደ ፊት ወይም ወደ ታች አዝልቆ ነው የሚለጥፈው። እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ስፒከሩን በቬልክሮው ላላ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሄልሜቱን አጥልቁ፣ ማሰሪያውን እሰሩ፣ ሙዚቃ ክፈቱ። ከዚያ ሄልሜቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ በትንሽ በትንሹ ግፉት። በአንዱ አቅጣጫ ድምፁ ወፈር ካለ ስፒከሩ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው። አውልቁ፣ አስተካክሉ፣ ደግማችሁ ሞክሩ። ጆሮና ስፒከር መሐል ክፍተት ካለ ከስፒከሩ ጀርባ የሚደረግ ስስ ስፖንጅ አብዛኞቹ ካርቶኖች ውስጥ አለ። አትጣሉት። ጆሯችሁን ከተጫናችሁ ደግሞ ተውት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያማል።

ማይኩም እንዲሁ ነው። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ካላችሁ በሽቦ የሚሄደውን ትንሽ ማይክ አገጩ ውስጥ ለጥፉ። ፊቱ ክፍት ወይም አገጩ ወደ ላይ የሚከፈት ከሆነ ባለ ዘንጉን ተጠቀሙ። ዘንጉ ላይ ድምፅ የሚገባበትን ጎን የሚያሳይ ምልክት አለ፤ ወደ ከንፈር መዞር አለበት። የስፖንጅ ኮፍያውን አውልቃችሁ ከነዳችሁ ጓደኛችሁ የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው።

ስለ ጆሯችሁም ልንገራችሁ። በሄልሜት ውስጥ ያለው የነፋስ ጩኸት በዋና መንገድ ፍጥነት 100 ዴሲቤል አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ለጆሮ ደህንነት በሚሠራበት መመዘኛ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት መስማት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ነው። በዚያ ላይ ጓደኛችሁን ለመስማት ብላችሁ ድምፁን ወደ ላይ ከገፋችሁት ጉዳቱ ይብሳል። መፍትሔው የጆሮ መድፈኛ ማድረግ ነው። መድፈኛ አድርጎ ኢንተርኮም መስማት ለማያውቀው ግራ ይመስላል፤ ግን ነፋሱ ሲቀንስ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ስትገዙ የስፒከሩ ጉልበት መድፈኛ አድርጋችሁም የሚበቃ መሆኑን አረጋግጡ። 40 ሚሊ ሜትር ስፒከር ያላቸውን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ዝናብ ካለ አይፒ67 የሚል ምልክት ፈልጉ፤ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው፤ የካርዶ ፓክቶክ ኤጅ፣ ፍሪኮም 2ኤክስና 4ኤክስ ይህ አላቸው። ቁልፉን በወፍራም ጓንት ሞክሩት። እኔ በጣት የሚሽከረከር ክብ መቆጣጠሪያ ያላቸውን እመርጣለሁ፤ ትንንሽ ቁልፎችን በጓንት መለየት ከባድ ነው። የእነዚሁ የካርዶ ሞዴሎች ባትሪ ኩባንያው እንደሚለው እስከ 13 ሰዓት ይሄዳል፤ ሜሽ ከብሉቱዝ ይልቅ ባትሪ ይበላል። ለረጅም ጊዜ የማትነዱ ከሆነ ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርጋችሁ አስቀምጡት እንጂ ባዶውን አትተዉት።

መሣሪያውን ለማሰር ሁለት መንገድ አለ፤ በመቆንጠጫ ወይም በማጣበቂያ። መቆንጠጫው ይሻላል፤ ሄልሜት ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። የሄልሜቱ ጠርዝ ወፍራም ሆኖ አልገባ ካለ ማጣበቂያውን ተጠቀሙ። የውስጡን ፎም ግን በምንም ዓይነት አትቁረጡ፣ አትፈልፍሉ። ስትወድቁ ጭንቅላታችሁን የሚያድነው እሱ ነው። ለስፒከር የተዘጋጀ ጉድጓድ የሌለው ሄልሜት ካላችሁ ቀጭን ስፒከር ፈልጉ። አዲስ ሄልሜት የምትገዙ ከሆነ ኢሲኢ 22.06 የሚለውን ምልክት እዩ፤ ይህ የሄልሜት ደህንነት ደንብ በሄልሜቱ ላይ የሚገጠሙ ዕቃዎችንም ፈተና ውስጥ አስገብቷል። ለተወሰነ ኢንተርኮም ቦታ ተዘጋጅቶላቸው የሚመጡ ሄልሜቶች አሉ፤ ካገኛችሁ እነሱን ውሰዱ።

ካርቶኑን ከመጣላችሁ በፊት አብራችሁ ሞክሩት። ሁለቱንም መሣሪያዎች በአንድ ቀን አዘምኑ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሶፍትዌር ሲሆን ማጣመሩ ያስቸግራል። ከዚያ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በዋና መንገድ ፍጥነት አብራችሁ እየነዳችሁ አውሩ። ሁለታችሁም አንዱ የሌላውን ንግግር ቃል በቃል ከሰማ ያዙት። አንዱ ደጋግሞ «ምን አልክ?» ካለ፣ መጀመሪያ ስፒከሩንና ማይኩን አስተካክሉ፤ ያም ካልረዳ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ መልሱት።