ባሕር ዳር ለሚገቡ፦ ቤትን ብዙ ሳይደክሙ ንጹሕ ማድረግ

ከሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጓዛችንን ጠቅልለን ባሕር ዳር ልንገባ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። እኔም ባለቤቴም ከቤት ሆነን እንሠራለን፤ ቋሚ ሠራተኛ ለመቅጠር አላሰብንም። እዚህ የዕቃ ማጠቢያውን፣ የልብስ ማድረቂያውን፣ የምንጣፍ መጥረጊያውን ማሽን ለምደናል። ቀኑን ሙሉ ስንጠርግ ሳንውል መኖር ይቻላል? ምንስ ጭነን እንምጣ?

ከባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ፦

እህቴ፣ ከወዲሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። በደንብ ይቻላል። እኔም ውጭ ኖሬ ነው የተመለስኩት። ግን የዚያን አገር አጸዳድ እዚህ ልድገመው ካልሽ ወገብሽ ይቆረጣል። እዚያ ቤቱ ተዘግቶ ይውላል። እዚህ ሙቀቱ መስኮት አያስዘጋም፤ በበጋ ደግሞ አቧራው ሳይጋበዝ ይገባል። ድካም የሚቀንሰው በር ላይ ስታስቀሪው ነው።

በረንዳው ላይ የጫማ መደርደሪያ አስቀምጪ። ደፉ ላይ እርጥብ ጆንያ አንጥፊ፣ ለቤት ውስጥ ብቻ የሚሆን ነጠላ ጫማ ይኑራችሁ። እንግዳ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል «ኧረ ተው፣ በጫማህ ግባ» የምንለውን ነገር እኔ ትቼዋለሁ። ነጠላ ጫማ አቀብላለሁ። የተቀየመኝ የለም።

መስኮቶቹ ላይ ወንፊት አስመቺ። ጣና ዳር ወባ አለ፤ ለጽዳት ባይሆን እንኳ ለልጆቹ ስትይ የግድ ነው። ሲመታ ተነቃይ እንዲሆን ለአናጺው ንገሪው፣ አለበለዚያ ማጠብ መከራ ነው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ የሐይቁን በኩል ከፍተሽ የመንገዱን በኩል ዝጊ። በተለይ ሰፈሩ ገና ኮብልስቶን ያልገባለት ከሆነ።

አሁን ወደ ሳሎን። የእኛ ሰው ሳሎን ሲያሟላ ታውቂያለሽ፦ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ቡፌው ላይ ብርጭቆ፣ ብርጭቆው ላይ ዳንቴል፣ መሐል ላይ ወፍራም ምንጣፍ። ይህ ሁሉ የአቧራ ማደሪያ ነው። ዘመድ «ቤቱ ባዶ ሆነ» ይበል፤ ዘመድ መጥቶ አይወለውልልሽም። ሶፋ ስትገዢ እግሩን እዪ። መጥረጊያ ከሥሩ ካልገባ አትግዢው። መሬት ድረስ የሚደርሰውን ሶፋ ለማንሳት ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ ሁለት ሰው እስኪገኝ ከሥሩ ምን እንደሚከማች አልነግርሽም። ወለሉ ሴራሚክም ይሁን ሊሾ ባዶውን ይሻላል። እርጥብ መወልወያ አንዴ ሲያልፍበት ያልቃል። ያንን የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን እዚያው ሽጪው። የአሜሪካው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ እኛ ጋ 220 ነው። መብራትም ይጠፋል።

አቧራ በደረቅ ጨርቅ አትጥረጊ፤ ይነሳና ተመልሶ ያርፋል። ጨርቁን ነከር አድርገሽ ጨምቂው፤ ከላይ ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ፤ ወለል መጨረሻ ነው።

የውሃን ነገር ለይቼ ላንሳው። ቤት ስትከራዪ ከመኝታ ቤት ቁጥር በፊት ሮቶ፣ ማለትም የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር፣ መኖሩን ጠይቂ። ውሃ ይመጣል፣ ይጠፋል። እኔ ቤት አንድ ውሃ ሦስት ሥራ ሳይሠራ አይደፋም። ነጭ ልብስ የታጠበበት ሳፋ ባለ ቀለሙን ይቀበላል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ደግሞ በረንዳ ያጥባል፤ የተረፈው ሽንት ቤት ይገባል። ለዚህ የሚመቸው ባለ ሁለት ገንዳው የልብስ ማጠቢያ ነው። ቧንቧው ቢደርቅም በጀሪካን ትሞይዋለሽ፣ ውሃውንም መልሰሽ ትቀጂዋለሽ። በራሱ የሚሠራው ዘመናዊው ግን ቧንቧው ውስጥ ግፊት ከሌለ ቆሞ ያይሻል። የምታጠራቅሚበት በርሜል ክዳን ይኑረው፤ ክፍት ከሆነ ትንኝ ይፈላበታል።

ክረምት ሲገባ ጠላትሽ ይቀየራል። አቧራው ይተኛና ሻጋታው ይነሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል አርቂው። እስከ አፉ አትሙዪው። የቆዳ ጫማና ቦርሳ በላስቲክ አትጠቅልዪ። ፀሐይ ብልጭ ስትል በሮቹን ከፋፍቺ። ልብስም ብዙ አታጠራቅሚ፤ ጠዋት ላይ ትንሽ ትንሽ እያጠብሽ ስጪ። የመታጠቢያ ቤት ሻጋታ በበረኪና ይለቃል። ግን በረኪናን ከአሲድም፣ ከኮምጣጤም፣ አሞኒያ ካለበት ማጽጃም ጋር እንዳትቀላቅዪ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ይብሳል።

ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፦

ሁሉን ብለሽ ቡናውን ረሳሽው? በዓል ሲመጣ ቄጤማው፣ ፈንዲሻው፣ የከሰሉ አመድ! እኔን የሚገድለኝ እሱ ነው።

ከባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ፦

እውነትሽን ነው እናቴ። ቡና ያለ ቄጤማ አይሁን፣ እሱን አልከለክልም። ግን ሳሎኑን ሁሉ አትጎዝጉዢው። አንድ ጥግ ለይተሽ ሰሌን አንጥፊ፤ ቄጤማውም ረከቦቱም እዚያው ላይ ይሁኑ። ፈንዲሻ የሚበተነውም እዚያው ነው። ሲያልቅ ሰሌኑን በአራቱም ጫፍ ሰብስበሽ ደጅ ታራግፊዋለሽ። ቄጤማውን ግን በማግስቱ ጠዋት አንሺው። ደርቆ ከቆየ ይሰባበርና እስከ ሌላው በዓል ከየጥጋጥጉ ስትለቅሚው ትኖሪያለሽ። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥለሽ ጭሱ ሲያልቅ አስገቢው። ግድግዳ የሚያጠቁረው ያ የመጀመሪያው ጭስ ነው።

ከሜሪላንድ፦

እግዜር ይስጥልን። ሠራተኛ ጭራሽ ካልያዝን ግን ይከብደናል ማለት ነው?

ከባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ፦

ቋሚ አያስፈልጋችሁም። በሳምንት ሁለት ቀን ተመላላሽ ያዙ፤ ልብስና ወለል ለእሷ፣ ዕለታዊው ለእናንተ። ክፍያውን ከሰፈሩ ሰው ጠይቂና ከዚያ ሳታንሺ ክፈዪ፤ ሥራውን ቆጥረሽ ንገሪያት፣ ምሳዋን አትርሺ። ልጆቹም መጫወቻቸውን ለመሰብሰብ ክዳን ያለው ዘንቢል ይብቃቸው፤ ሲሞላ ሌላ መጫወቻ አይወጣም።

ከዚያ ለመጫን ቦታ ካላችሁ፣ ውሃ የሚመጥጡ ስስ ማጽጃ ጨርቆችንና የመወልወያ መለዋወጫዎችን አምጡ፤ ቀላል ናቸው፣ ቦታ አይፈጁም። ባልዲ፣ ሳፋ፣ መጥረጊያ እዚሁ ገበያ ሞልቷል። የዕቃ ማጠቢያውን ማሽን ተዉት። ቦታው የሚበቃ ከሆነ በእሱ ፈንታ የልጆቹን መጻሕፍት ጫኑ።