ደሞዝ ሲገባ ስንቱ ለወጪ፣ ስንቱ ለቁጠባ? የባለቤቴ ገቢ ደግሞ የሚጨበጥ አይደለም

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የእኔ ደሞዝ ቋሚ ነው። ባለቤቴ ግን በኮንትራት ነው የሚሠራው። አንዱ ወር ደህና ይገባል፣ ሌላው ወር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የተረፈውን እንቆጥባለን ተባብለን ነበር፤ የሚተርፍ ነገር ግን የለም። 50/30/20 የሚሉትን ቀመር አየሁት፦ ግማሹ ለግዴታ ወጪ፣ 30 በመቶው ለፍላጎት፣ 20 በመቶው ለቁጠባና ለዕዳ። የእኛ ኪራይ፣ አስቤዛና ትራንስፖርት ብቻውን ከ60 በመቶ በላይ ይበላል። ታዲያ እንዴት እናከፋፍለው?

ባለ ደብተር

እህቴ፣ በመቶኛው አትጨነቂ። መጀመሪያ የአንድ ወር ወጪ አንድም ሳይቀር ጻፉ። በስልክም ይሁን በደብተር፣ እንደሚመቻችሁ። ጃፓኖች ካኬቦ የሚሉት የቤት ሒሳብ መዝገብ አላቸው፤ ሃኒ ሞቶኮ የምትባል ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1904 ያወጣችው ነው፤ እስካሁንም ይሠሩበታል። ስትጽፉ "ልዩ ልዩ" የሚል ረድፍ አታስገቡ። ገንዘቡ የሚጠፋው እዚያ ውስጥ ነው።

ቋሚ ደሞዝ የሌለው

እኔም እንደ ባለቤትሽ ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው። በአማካይ ገቢ በጀት አታውጡ። አማካይ ገቢ ወረቀት ላይ እንጂ ኪስ ውስጥ የለም። ያለፈውን ዓመት እዩና የእሱን ዝቅተኛ ወር ያዙ። ለምሳሌ የአንቺ ደሞዝ 60 ሺህ ብር ነው እንበል፤ የእሱ ደካማ ወር 25 ሺህ፣ ጥሩው ወር 70 ሺህ። በጀታችሁ 85 ሺህ ነው፤ በቃ። 130 በገባበት ወርም ቤቱ የሚኖረው በ85 ነው። የቀረው 45 ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጥ። የእሱ ገቢ ከ25ም ወርዶ 10 በሆነ ወር የጎደለውን 15 ከዚያ ትሞላላችሁ። ይህ መጠባበቂያ ነው፤ ከቁጠባው ጋር አይቀላቀል። የሁለትና የሦስት ወር ጉድለት መሸፈን ከቻለ በኋላ የሚተርፈው ወደ ቁጠባ ይሂድ።

ሌላው በዓመት አንዴ የሚመጣ ወጪ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ኢንሹራንስ፣ የቤት ዕቃ ጥገና። ሁሉም ሰው "ድንገት መጣብኝ" ይላል፤ ኧረ ቀኑ ይታወቃል! ደምሩትና ለ12 አካፍሉት፤ በየወሩ እንደ ኪራይ ቆጥራችሁ አስቀምጡት። ብዙ ቤት ቁጠባውን የሚበላው ሕመም ወይም አደጋ ሳይሆን ይኼ ነው።

ጥብቅ ነኝ

ከ20 በመቶ በታች ቁጠባ አይባልም። የፍላጎቱን ወጪ በሙሉ ቁረጡት።

ባለ ደብተር

ወንድሜ፣ ኪራይና አስቤዛ 60 በመቶውን ከበላ ሰው 20ውን ከየት ያምጣ? ቀመሩ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። በ5 በመቶ ይጀምሩ። ዋናው ነገር ደሞዝ በገባበት ዕለት ከሁሉም በፊት መውጣቱ ነው። ባንካቸው በራሱ የሚያዛውር ከሆነ እሰየው። ደሞዝ ሲጨመር ደግሞ ከጭማሪው ግማሹን ለቁጠባ ያድርጉት፤ ያልለመዱትን ገንዘብ መቁረጥ አያምም።

የሁለት ልጆች እናት

አመሰግናለሁ፣ የ85ቱ ነገር ገብቶኛል። የባንክ ብድርም አለብን። ቁጠባው ይቅደም ወይስ ዕዳው? አንድ ነገር ደግሞ ባለቤቴ ስለ ወጪ ሲነሳ ይከፋዋል፤ በደካማ ወር እኩል ማዋጣት አይችልም።

የሒሳብ ሰው

የወር መደበኛ ክፍያው እንዳይቋረጥ። ከዚያ በላይ ትርፍ ከተገኘ መጀመሪያ የአንድ ወር የግዴታ ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ያዙ፤ አለዚያ ልጅ ሲታመም ሌላ ብድር ትገባላችሁ። ያ ከሞላ በኋላ ወደ ዕዳው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቁጠባው 7 በመቶ ወለድ ቢያስገኝ፣ ብድሩ 16 በመቶ ቢያስከፍል፣ በየዓመቱ 9 በመቶ እየከሰራችሁ ነው የምትቆጥቡት። ብድሩ ከአንድ በላይ ከሆነ ወለዱ ከፍ ካለው ጀምሩ። ግን ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንደሌለው ውሉን አንብቡ። ዕዳው ሲያልቅ ያንኑ የአንድ ወር ገንዘብ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ወጪ እስኪሸፍን አሳድጉት።

ቋሚ ደሞዝ የሌለው

መዋጮውን እኩል አታድርጉት፣ እንደ ገቢ አድርጉት። በ85ቱ ስሌት የአንቺ ድርሻ 70 በመቶ ገደማ፣ የእሱ 30 ይሆናል። የጋራ ወጪውም በዚያው ልክ ይከፈል። ለሁለታችሁም እኩል የኪስ ገንዘብ መድቡ፤ ትንሽም ቢሆን፣ ምን አደረግክበት ምን አደረግሽበት የማይባልበት። ንግግሩን ደግሞ ገንዘብ ባለቀበት ሳምንት አታንሺው፤ ደሞዝ በገባ ማግስት፣ ደብተሩን ይዛችሁ አብራችሁ ቁጭ በሉ።