ሁለቱም ሴት ናቸው ተብለው የተገዙ ጥንቸሎች፤ አንዷ ጸጉሯን እየነጨች ነው

ጠያቂ፣ ባሕር ዳር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለልጆች ብለን የገዛናቸው ሁለት ጥንቸሎች አሉን፤ ሲሸጡልን ሁለቱም ሴት ናቸው ተብሎ ነበር። ከትናንት ጀምሮ አንዷ ድርቆሽ በአፏ እያመላለሰች ጥግ ላይ ትከምራለች፤ የሆዷንም ጸጉር ትነጫለች። ቤታቸው 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ሣጥን ነው፤ ወለሉ ሽቦ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ልትወልድ ይሆን? ምን ላዘጋጅ? ግልገሎቹንስ ለጎረቤት ማከፋፈል ይቻላል?

ጮቄ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ሁለተኛዋን ዛሬውኑ ለያት። ወንድ ከሆነች እናቲቱ በወለደችበት ቀን መልሳ ልታረግዝ ትችላለች። ጥንቸል እንደ ላም ድራት (ወንድ የምትፈልግበትን ወቅት) ጠብቃ አይደለም፤ እንቁላሏ የሚለቀቀው ከተጠቃች (ወንድ ከተገናኛት) በኋላ ነው።

ጾታውን ለማወቅ አንድ ሰው ጭኑ ላይ በጀርባዋ ያስተኛት፤ ሌላው ከፊንጢጣዋ ከፍ ብሎ ያለውን ብልት በሁለት ጣት ግራና ቀኝ በቀስታ ጫን ያድርገው። እንደ ቱቦ ክብ ሆኖ ብቅ ካለ ወንድ ነው፤ ወደ ጅራት የሚወርድ ስንጥቅ ከሆነ ሴት። ሁለቱም ሴት ከሆኑ ምናልባት ሐሰተኛ እርግዝና ነው። አንዷ ሌላዋ ላይ መውጣቷ ብቻ ያን ያመጣል፤ በ17 ቀን ገደማ ጎጆ ሠርታ፣ ጸጉር ነጭታ ያልፍላታል። እውነተኛው እርግዝና 31 ቀን አካባቢ ነው።

ለማንኛውም የመውለጃ ሣጥኑን አሁን አስገባ፦ ርዝመቱ 45፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር፤ የመግቢያው ደፍ 15። ደፉን አትናቀው። ግልገሉ ጡት እንደያዘ እናቱ ስትወጣ ይጎተታል፤ ሽቦው ላይ ከወደቀ ብርድ ይገድለዋል። ጥንቸል እንደ ድመት ልጇን በአፏ አንጠልጥላ አትመልስም። ከሥር ደረቅ ሰጋቱራ (የጽድ አይሁን)፣ ከላይ ለስላሳ ድርቆሽ፤ የቀረውን እሷ በጸጉሯ ትሞላዋለች። ጥጥና ጨርቅ አታስገባ፤ ክሩ እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ደም ያግዳል።

ከወለደች በማግስቱ ቁጠራቸው፤ የሞተ ካለ አውጣ። በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የምታጠባው። «ጥላቸዋለች» እየተባለ የላም ወተት የሚንጠባጠብላቸው ይህን ካለማወቅ ነው። ሆዳቸው ከበሮ ከመሰለ ጠግበዋል፤ ቆዳቸው ከተጨማደደ አልጠቡም።

ቆጋ፦ ቤቱ ላይ ልጨምር። 60 በ60 ለአንዲትም አይበቃም። ቢያንስ 120 በ60፣ ከፍታውም 60 ይሁን፤ በኋላ እግሯ ስትቆም ጆሮዋ ጣሪያ አይንካ። ወለሉ ሁሉ ሽቦ ከሆነ ተረከዟ ይቆስላል፤ ግማሹን በጣውላ ሸፍነው። የወለሉ ሽቦ ቀዳዳ 12 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነው ይሻላል፤ ፍጉ ያልፋል፣ እግር አይገባም። ስስ የዶሮ ሽቦ ግን ውሻም ሽለምጥማጥም ይቀድደዋል። ከመሬት 1 ሜትር ከፍ አድርገው።

ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ብትሆን ንፋስና እርጥበቱን ተጠንቀቅ እልህ ነበር። ባሕር ዳር ላይ የሚያሰጋው ያ ቆርቆሮ ነው። ጥንቸል አታልብም፤ ሙቀት የምታወጣው በጆሮዋ ነው። 30 ዲግሪ ሲያልፍ ትተኛለች፣ ታለከልካለች፣ እርጉዝ ከሆነች ልትሞት ትችላለች። ቆርቆሮው ላይ ወፍራም የሣር ክዳን ደርብ፤ በሁዳዴ ሰሞን ቀትር ላይ በሃይላንድ ውኃ አቀዝቅዘህ በረዶ ሲሆን በጨርቅ ጠቅልለህ አጠገቧ አስቀምጥ። ሽንቱም በየቀኑ ይጠረግ፤ ሽታው ዓይንህን ካቃጠለ የእነሱን ሳንባ ቀድሞ ጎድቷል።

ዳሞት፦ ማከፋፈሉን ቀድመህ አስብበት። እኛ ዘንድ ጥንቸል አይበላም፤ ዘሌዋውያን 11 ከርኩሳኑ ጋር ይቆጥራታል። ስለዚህ የተረፈውን የሚገዛህ የለም። በደንብ የተያዘች ጥንቸል ደግሞ 8 ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች። ተቀባይ ሳይገኝ ሁለተኛ አታስወልድ። ልጆቹ 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አይለዩ፤ በ10 ሳምንት ወንድና ሴቱን ለይ። ለአንድ ቤት ወንድና ሴት አጣምረህ ከሰጠህ ችግሩን ወደ ጎረቤት አዞርከው እንጂ አልፈታኸውም። ወንዱ ቢኮላሽም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከሴት ይራቅ፤ እስከዚያ ሊያስረግዝ ይችላል።

ምግቧ ዋናው ድርቆሽ ነው፤ ቀንም ሌሊትም አይጓደል። ፉርሽካ ጥቂት፣ የስኳር ድንች ቅጠል ጠውለግ ብሎ። የአቮካዶ ቅጠል መርዟ ነው፤ ግቢህ ውስጥ ዛፉ ካለ ልጆቹን አስጠንቅቅ። ግማሽ ቀን ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች ሳታድር ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዳት። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝተህ በአፏ እንዳትሰጣት፤ የአንጀቷን ጠቃሚ ተሕዋስያን ፈጅቶ ይገድላታል።

ጠያቂ፦ አየሁት፤ ወንድ ነው። ለይቼዋለሁ። ጎን ለጎን ቢሆኑ ይሻላል ወይስ ይራቁ?

ጮቄ፦ ጎን ለጎን ይሁኑ፤ ተላምደዋል። መሃላቸው ግን ሁለት ረድፍ ሽቦ፣ ክፍተቱ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በአንድ ረድፍ ሽቦ አፍንጫ ይነካከሳሉ፤ ወንዱም በሽቦው አሳልፎ ሊያስረግዛት ይችላል።