ክፓሊሜን ማን ነው የሚያጎርሳት?

የጅማ ልጅ፦ ትናንት ስለ ቶጎዋ ክፓሊሜ የተጻፈው ነገር አልዋጥልህ አለኝ። እህታችን ተጓዥ የፏፏቴ ፎቶ አያይዛ «ከተማዋን የሚያጎርሳት ጎብኚ ነው፤ ቡናና ካካዎው ያለፈ ታሪክ ነው» ብላለች። እኔ በቡና ገንዘብ ተምሬ ለዚህ የበቃሁ ነኝና ዝም ማለት አልችልም። ያኔ ቶጎን ይገዙ የነበሩት ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1907 ከዋና ከተማዋ ከሎሜ እስከ ክፓሊሜ 119 ኪሎ ሜትር ሐዲድ የዘረጉት ተራራ ለማየት አልነበረም። መስመሩን ራሱን «የካካዎ ባቡር» ነበር የሚሉት።

ተጓዥ፦ ወንድሜ፣ ባቡሩን ካነሳህ እስከ መጨረሻው አንሳው። ካካዎውን ጭኖ ወደ ወደብ ወሰደ እንጂ ማንን አጎረሰ? ዛሬ ባቡሩም የለም። እኔ የጻፍኩት በዓይኔ ያየሁትን ነው። ክፓሊሜ አጠገብ ኩማ ኮንዳ መንደር ላይ አንድ ወጣት ጫካ ውስጥ ቢራቢሮ ያስጎበኛል፤ ከቅጠልና ከቅርፊት ቀለም ጨምቆ ሥዕል ይሥላል። በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ እንግዳ ካገኘ ቤቱ ይቆማል። የአባቱ ቡና ገንዘብ የሚያሳየው በዓመት አንድ ጊዜ ነው።

የሎሜ ነዋሪ፦ አየር መንገዳችን ድርሻ ባለው በሎሜው አየር መንገድ በአስካይ ሥራ ምክንያት ሎሜ የከረምን ኢትዮጵያውያን አለን። ክፓሊሜ ከእኛ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ቅዳሜ ወጥተን እሑድ እንመለሳለን። እንግዲህ ተጓዥ የምትለው ጎብኚ እኔ ነኝ ማለት ነው፤ እኔ ግን እዚያ ማንንም አጉርሼ አላውቅም። የበላሁት ፉፉ፣ ማለትም ተቀቅሎ የተወቀጠ ያም (ቦዬ)፣ ያሙ ከገበሬው ማሳ የመጣ ነው። አቮካዶውም እንደዚሁ። ጎራሹ እኔ፣ አጉራሹ እሱ።

ተጓዥ፦ ሒሳቡንስ ማን ከፈለ? ፉፉውን የወቀጠችው ሴት ልጆቿን ትምህርት ቤት የምትልከው አንተ በተውከው ገንዘብ ነው። ይህን ለምን ታሳንሰዋለህ?

የጅማ ልጅ፦ ሎሜ ያህል ከተማ አጠገቧ እያለ ያም ገዢ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ድንበር ሲዘጋ፣ ጎብኚው ሲቀር፣ ያቺ ከተማ ምን በላች? ያሟን፣ በቆሎዋን። ደግሞ «የሚያጎርሳት» የሚለው ቃል ራሱ ያንገበግበኛል። በእኛ ባህል ባለቤት እንግዳን ያጎርሳል እንጂ እንግዳ ባለቤትን በገዛ ቤቱ አያጎርስም። ቃሉን ገልብጠሽዋል።

ቀማሽ፦ በቡና ቀማሽነት ሙያዬ ልግባ። የክፓሊሜ ቡና ሮቡስታ የሚባለው ዝርያ ነው። ከጅማ አረቢካ ጋር በአንድ ስም መጥራት ልክ አይደለም። አብዛኛው ሮቡስታ ለፈጣን ቡናና ለቅይጥ ይሄዳል፤ ዋጋውም የሚቆረጠው ለንደን ባለው የምርት ገበያ ነው። አስጎብኚው ወጣት ከእንዲህ ያለ ሰብል ቢሸሽ አልፈርድበትም።

የጅማ ልጅ፦ ጋሼ ቀማሽ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጥያቄው የጣዕም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ዋጋውን ደግፎ የያዘው የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ ሲፈርስ የጅማውንም የክፓሊሜውንም ገበሬ ነው የመታው። የሮቡስታ ገበሬ ላቡ ያነሰ ነው?

ቀማሽ፦ ላቡ አነሰ አላልኩም። ሚዛኑ ይለያያል ነው ያልኩት። ያላልኩትን አታስብለኝ።

የአክራ ነጋዴ፦ ስለ ቡና ስትጨቃጨቁ ካካዎውን ረሳችሁት። እ.ኤ.አ. በ2024 የአንድ ቶን ካካዎ ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ወጣ። እዚህ ጋና ውስጥ ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ስለሆነ፣ ገበሬው ጆንያውን በድብቅ ወደ ቶጎ አሻገረ። የክፓሊሜ ገበያ ከድንበሩ አጠገብ ነው። ድንበር ጥሶ የሚሻገር ሰብል «ያለፈ ታሪክ» ይባላል?

ተጓዥ፦ እህቴ፣ ዋጋው ሲወጣ ክፓሊሜ ያለችበት የክሎቶ አውራጃ ገበሬ ምን ነበረው? ግንድና ቅርንጫፍ የሚያሳብጠው ቫይረስ ካካዎውን ጨርሶበታል። መድኃኒት የለውም፤ ዛፉ ተነቅሎ ይቃጠላል። አዲሱ ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ነው። በእነዚያ ዓመታት ቤተሰቡን ማን ያኖረዋል?

የሎሜ ነዋሪ፦ የአንቺም ፏፏቴ እኮ ዋስትና የለውም። ከክፒሜ ፏፏቴ በላይ ለኤሌክትሪክ ግድብ ተሠርቷል። በበጋ የወሰድኳቸው እንግዶች ያዩት ድንጋይ ነው። አስጎብኚው አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ እኔም አብሬው አፈርኩ።

ተጓዥ፦ አጉ ተራራ ግን አይደርቅም፤ 986 ሜትር፣ የቶጎ ከፍተኛው ጫፍ።

የጅማ ልጅ፦ የአጉም ግርጌ ማሳ ነው። አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ልጁ ቢራቢሮ ሲያስጎበኝ የአባቱን ቡና ማን ይለቅማል?

ተጓዥ፦ ከሰሜን የመጣ ሰው፣ በድርሻ የሚሠራ። ልጁ ነው የነገረኝ።

የጅማ ልጅ፦ ይኸው! አጉራሹ ተገኘ። ያ ሰው ፎቶሽ ላይ የለም፤ ጽሑፍሽም ላይ የለም። ስለ ከተማዋ ኑሮ ስትጽፊ እሱን አንድ ቃል እንኳ ጠይቀሽዋል?

ተጓዥ፦ አልጠየቅሁትም። ሌሊት አሥር ሰዓት ማሳ ወርዶ ነበር፣ አላገኘሁትም። አንተስ አንድም ቀን እግርህ ክፓሊሜን ረግጦ ያውቃል?