የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዎችን መከታተል፦ ከቼክሊስት ውጭ ምን ይደረግ?

ቡድን መሪ (አቃቂ ቃሊቲ)

ሰላም ለሁላችሁ። ወደ ቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ ባለ ወረዳ የሕፃናት ጉዳይ ቡድን እመራለሁ። አራት ባለሙያዎች አሉን፤ ሁለቱ ሶሻል ወርክ፣ አንዷ ሳይኮሎጂ፣ አንዱ ማኔጅመንት የተማሩ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ40 በላይ ክፍት ፋይል ይዘዋል። እስካሁን ክትትል የሚባለው በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ቼክሊስት ይዞ ቅጽ መሞላቱንና ፊርማ መኖሩን ማየት ነው። ፋይሉ ሁሉ የተሟላ ነው፤ ልጁ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ግን ከፋይሉ አይታወቅም።

ባለሙያን ለብቻው በስንት ጊዜ ማነጋገር ይበቃል? ምንስ ይጠየቃል? የቤት ለቤት ጉብኝት በእርግጥ መደረጉን ሰው ሳላስቀይም እንዴት ላረጋግጥ? ባለሙያዎቹ በየሳምንቱ ለዘመቻ ስለሚወሰዱስ ምን ይደረግ?

ኬዝ ላይ ያለ

ስለ አንድ ለአንድ ውይይቱ ልበል። ለነባር ባለሙያ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት፣ ለአዲስ ቅጥር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በየሳምንቱ። ቀኑና ሰዓቱ ቋሚ ይሁን፤ «ሲመቸን» የተባለ ውይይት ሪፖርት በደረሰ ቁጥር ይሰረዛል። በር የሚዘጋ ክፍል ፈልጉ፤ ከፋይናንስ ጋር በምትጋሩት ቢሮ የልጅ ጉዳይ አይነሳም።

በአንድ ሰዓት ከሦስት ፋይል በላይ አትንኩ። አንዱ ከፍተኛ ስጋት ያለበት፣ ሁለተኛው ባለሙያው ራሱ የከበደው፣ ሦስተኛው እናንተ ከመደርደሪያው ሳትመርጡ ያወጣችሁት። ሦስተኛው በጣም ይጠቅማል፤ የተረሳ ልጅ የሚገኘው ማንም «ችግር አለበት» ብሎ በማያነሳው ፋይል ውስጥ ነው።

ለእያንዳንዱ ፋይል የመጀመሪያው ጥያቄ «ቅጹ ተሞልቷል?» ሳይሆን «ልጁን ለብቻው ያነጋገርሽው መቼ ነው?» ይሁን። ከእናቱ ወይም ከአክስቱ ጋር ተቀምጦ የተነገረ ቃል የልጁ ቃል ተብሎ አይያዝም። ከዚያ፦ ሌሊት የት ነው የሚተኛ፣ ከማን ጋር? ቤቱ የሚገባ የሚወጣው ማነው? ባለፈው ጉብኝት ምን ለማድረግ ተስማምታችሁ ነበር፣ ምኑ ተፈጸመ? ነገሩ ቢባባስ መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው፣ ስልክ ቁጥርሽስ አለው? ባለሙያው ከእነዚህ ጥያቄዎች ሁለቱን መመለስ ካቃተው ቁጣ አያስፈልግም፤ በዚያው ሳምንት ጉብኝት ይያዝ።

ስትጨርሱ ውሳኔው ፋይሉ ውስጥ ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቀን፣ የተወሰነው ነገር፣ ፈጻሚው፣ እስከ መቼ፣ የሁለታችሁ ፊርማ። በቃል ብቻ የቀረ ውሳኔ ባለሙያው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። ደግሞም ነገ ልጁ ጉዳት ቢደርስበት ከባድ ውሳኔ ላይ ባለሙያው ብቻውን እንዳልነበረ የሚያሳየው ይህ ገጽ ነው። ባለሙያዎች ይህን ሲረዱ ክትትሉን መፍራት ይተዋሉ።

በወር አንድ ቀን ደግሞ ከእያንዳንዱ ባለሙያ ጋር ቤት ለቤት ውጡ። እዚያ ስትደርሱ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ቤተሰቡ ፊቱን ወደ አለቃው ካዞረ የባለሙያው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሰማም። አስተያየታችሁን ስትመለሱ በመንገድ ላይ ስጡ።

የካ አባዶ ነዋሪ፣ ሶሻል ወርከር

ጉብኝት መደረጉን ስለማረጋገጥ። ያልተደረገ ጉብኝት ከአጻጻፉ ይታወቃል። በአራት ተከታታይ የጉብኝት ቀን ሥር «ሕፃኑ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል፤ ክትትሉ ይቀጥላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከተደጋገመ ወይ አልተሄደም፣ ወይ ተሂዶ አልታየም። የሄደ ሰው የሚጽፈው ሌላ ነው፦ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሁለት ቀን ቀርታለች፣ ግራ ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፣ የውሃ ጀሪካን ስታመጣ አገኘኋት። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ያየሁት» እና «የተነገረኝ» የሚሉ ሁለት ክፍት ቦታዎች አስገቡ። ይህ ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

ከዚያ ሕግ አውጡ፦ ከየአሥር ጉብኝት አንዱ በቡድን መሪው ይረጋገጣል፤ በስልክ ወይም በአካል። ለሁሉም እኩል፣ አስቀድሞ በስብሰባ ተነግሮና በቃለ ጉባኤ ተይዞ። አንድን ሰው ጠርጥሮ ብቻውን መከታተል ነው የሚያስቀይመው። ስትደውሉ «ባለሙያው መጥቶ ነበር?» አትበሉ፤ «አገልግሎታችን እንዴት ነው? መጨረሻ የተገናኛችሁት መቼ ነበር?» ቢባል ይበቃል።

ግን አንድ ነገር ለባለሙያዎቹ ልከራከር። በከተማው ዳር ብዙ ጊዜ ጉብኝት የሚከሽፈው በስንፍና ሳይሆን በአድራሻ ነው። ተከራይ ቤተሰብ ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ይለቃል፤ ሲም ካርድም ይቀየራል። ባለሙያው በታክሲና በባጃጅ ሁለት ሰዓት አጥፍቶ የተቆለፈ በር አግኝቶ ይመለሳል። ሲደጋገምበት ቢሮ ቁጭ ብሎ መጻፍ ይጀምራል። የትራንስፖርቱን ገንዘብ ከኪሱ የሚከፍል ከሆነማ የበለጠ። መፍትሔው የመጀመሪያው ቀን ምዝገባ ላይ ነው፦ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ ቁጥር ከሌለ ቅርብ ምልክት፣ የሁለት ሌላ ሰዎች ስልክ (አንዱ ከቤተሰቡ ውጭ፣ ለምሳሌ የእድር ዳኛ)፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ ክፍልና ሴክሽን፣ የክፍል ኃላፊ መምህሩ። ቤተሰብ ቤት ሲቀይር የልጁ መሸኛ ስለሚጠየቅ ትምህርት ቤቱ ከሁሉ በፊት ይሰማል።

ሌላው «የእህቴ ልጅ ናት» ተብላ የምትመዘገብ ልጅ ናት። ከክፍለ ሀገር መጥታ የሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በፋይል ላይ ዘመድ ሆና ትቀመጣለች። ባለሙያው የቤቱን ልጆችና እሷን ጎን ለጎን እንዲያይ ጠይቁት፦ እነሱ ቀን ሲማሩ እሷ ማታ ናት? ወይስ ከነጭራሹ አትማርም? ማን የት ይተኛል? ወላጆቿን በስልክ መጨረሻ ያነጋገረችው መቼ ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ልጅ መቅጠርን ቢከለክልም የግል አገልግሎት ቅጥርን ስለማይሸፍን አንዳንድ ባለሙያ እዚያ ላይ እጁን ያጣጥፋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ግን ልጅን በኃላፊነቱ ሥር ይዞ የሚያንገላታን፣ ችላ የሚልን፣ ከአቅም በላይ የሚያሠራን፣ የሚደበድብን ይመለከታል። ያንን አንቀጽ ሁሉም ባለሙያ ይወቀው።

ዕቅድና ሪፖርት

ስለ ፋይል ብዛቱ፦ የሰብዓዊ እርዳታ ሥራ ላይ የሚያገለግሉት የሕፃናት ጥበቃ ዝቅተኛ መስፈርቶች ለአንድ ባለሙያ ከ25 ልጅ እንዳይበልጥ፣ ለአንድ ተቆጣጣሪ ደግሞ ከ5 ወይም 6 ባለሙያ እንዳይበልጥ ይላሉ። ወረዳ ላይ ይህ ቁጥር ሕግ ባይሆንም ለኃላፊ ሲቀርብ ክብደት አለው።

ሰው ካልተጨመረላችሁ 40ውን ፋይል በስጋት ደረጃ በሦስት ክፈሉት። ከፍተኛ ስጋት ያለው በ24 ሰዓት ይታያል፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ። መካከለኛው በሦስት ቀን ውስጥ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ። ዝቅተኛው በወር አንዴ። ስትመድቡ በርካታ ፋይሎች ደብተርና ዩኒፎርም ብቻ የሚፈልጉ ሆነው ይገኛሉ። እነዚህ የድጋፍ ዝርዝር ውስጥ ይግቡ፤ የጥበቃ ኬዝ አይደሉም። የሚዘጉትንም ዝጉ፤ ግን መዝጊያው ይጻፍ፦ የዕቅዱ ግብ ተሟልቷል፣ ልጁም ተጠይቋል፣ ቡድን መሪው ፈርሟል።

ለዘመቻው ለዋና ሥራ አስፈጻሚው በደብዳቤ ጠይቁ፦ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ባለሙያ ለሌላ ሥራ አይወሰድ። «ባለሙያ አይነካብን» ከተባለ እምቢታ ነው የሚሰማው፤ ሁለት ግማሽ ቀን ግን የሚሰጥ ነገር ነው። ከደብዳቤው ጋር ባለፈው ወር በዘመቻ ምክንያት የቀሩትን ጉብኝቶች በቀንና በስጋት ደረጃ አያይዙ። የልጅ ስም እንዳይገባበት፣ በኮድ ብቻ።

የግማሽ ዓመት ምዘናውንም እዩት። መለኪያው «ድጋፍ ያገኙ ሕፃናት ብዛት» ብቻ ከሆነ ባለሙያው በቁጥር ይሮጣል፤ በአንድ ከባድ ኬዝ ሳምንት ያሳለፈችው ታንሳለች፣ ሃምሳ ደብተር ያከፋፈለው ይበልጣል። «በጊዜው በአካል የታዩ ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ልጆች በመቶኛ» የሚል መለኪያ በሐምሌ ዕቅድ ስታወርዱ አስገቡ። ጥር ላይ ትዝ ካላችሁ አልፏል።

ቡድን መሪ (አቃቂ ቃሊቲ)

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር። አንዳንድ ፋይል ላይ የወሲብ ጥቃት ጥቆማ መጥቶ ከሳምንት በኋላ «በሽማግሌ ታርቀዋል፣ ቤተሰብ ክትትል አልፈለገም» ተብሎ ተዘግቶ ይገኛል። ባለሙያው ከማኅበረሰቡ ጋር መጣላት ይፈራል። ይህን እንዴት ልያዘው?

ሕግና ሕፃናት

ይህ በአንድ ለአንድ ውይይት ቀን የሚጠበቅ አይደለም፤ ጥቆማው በገባ ሰዓት ለቡድን መሪው የሚደወልበት ነው። የመዝጋት ሥልጣን የባለሙያው እንዳይሆን በጽሑፍ አስቀምጡ። በልጅ ላይ የተፈጸመ የወሲብ ጥቃት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 እና 627 (ሁለተኛው ከ13 ዓመት በታች ላሉት) የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው፤ የሽማግሌ እርቅ ቢኖርም ባይኖርም ለፖሊስ ይተላለፋል። ባለሙያው «አለቃዬ ነው የወሰነው» ማለት ከቻለ በሰፈሩ ያለበት ጫና ይቀልለታል። ሽማግሌዎቹን አነጋግራችሁ ማስረዳትም የእናንተ ሥራ ይሁን።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር የተሻለ ይሠራል። ዓርብ ከሰዓት የመጣ ጥቆማ ለሰኞ ቢያድር ያ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ የሳምንት መጨረሻ ተረኛ ይኑር። ልጅቷ አትታጠብ፣ የለበሰችው ልብስ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ይቀመጥ፤ በፌስታል ውስጥ ይሻግታል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና የሥነ ልቦና ድጋፉን አንድ ቦታ ስለሚሰጥ ልጅቷ ታሪኳን በየቢሮው አትደጋግምም። ከቱሉ ዲምቱ ጋንዲ ድረስ ሩቅ ነው፤ የመኪና ጉዳይ አስቀድሞ በደብዳቤ ካልተፈቀደ በዚያ ሰዓት ፊርማ ፍለጋ ይጀመራል።

ተጠርጣሪው እቤት ያለ ሰው ከሆነ ባለሙያ መጀመሪያ ወደ ቤት አይሂድ። ልጅቷን በትምህርት ቤት ያግኛት። ወደ ሰፈር ሲወጡም ሁለት ሆነው፣ በቀን፣ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ቢሮ ትተው።

ኬዝ ላይ ያለ

ከላይ ያለው ላይ የምጨምረው ስለ ባለሙያው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ኬዝ የያዘ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ከእናንተ ጋር ይቀመጥ፤ ስለ ቅጹ ሳይሆን ስለ ራሱ። እንቅልፍ ማጣት፣ ቤተሰብ ላይ መቆጣት፣ የልጅ ስም ሲነሳ ወሬ መቀየር ከታየ በዚያ ሳምንት ሌላ ተመሳሳይ ኬዝ አትስጡት። ማኔጅመንት የተማረው ባልደረባችሁ ለዚህ ስላልሠለጠነ ከባድ ኬዝ ላይ ከሶሻል ወርከር ጋር በጥንድ ይሥራ፤ ለብቻው አይላክ።

ምስጢር ደግሞ። የቡድኑ ቴሌግራም ላይ የልጅ ፎቶ፣ ስም፣ የትምህርት ቤት ስም አይለጠፍ፤ የቦርሳ ርክክብ ፎቶ ቢሆንም። ፋይሉ በኮድ፣ የኮዱ መዝገብ በሌላ ቁም ሣጥን ተቆልፎ፣ ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ።

የካ አባዶ ነዋሪ፣ ሶሻል ወርከር

በአዲስ አበባ ድንበር ላይ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ቤተሰቡ ወደ ሸገር ከተማ ሲዛወር ፋይሉ «አካባቢ ለቋል» ተብሎ አይዘጋ። የማስተላለፊያ ደብዳቤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፣ ከሚቀበለው ቢሮ ባለሙያ ጋር በስልክ ይነገር፣ ከተቻለ አንድ ጉብኝት አብረው ያድርጉ። ፋይሉ የሚዘጋው «ልጁን አግኝተነዋል» የሚል የተፈረመ ምላሽ ሲመጣ ነው። በ10 ቀን ካልመጣ ቡድን መሪው ራሱ ይደውላል። የራሳችሁ ባለሙያ ሲለቅም ያው ነው፦ ተተኪው ከፍተኛ ስጋት ያለባቸውን ልጆች ከነባሩ ጋር ሄዶ ሳያይ መልቀቂያው ላይ አትፈርሙ።

ቤተሰቡ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገር ከሆነ ልጁን ወይም ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የሚደበቀው ነገር በእነሱ አፍ አይወጣም። ከባለሙያዎቻችሁ ቋንቋውን የሚናገረው ማነው? እነዚያ ፋይሎች ለእሱ ይመደቡ።